ኤሊንግተን በዘጠኝ ሰው፦ የድሬዳዋ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ፤ ያለንና የሌለን

ያለን መሣሪያ፦ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦን፣ አንድ አልቶ ሳክስፎን፣ አንድ ቴነር ሳክስፎን፣ አንድ የፕላስቲክ ክላርኔት፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም። ባሪቶን ሳክስፎን የለም። ሁለተኛ ትሮምቦንም የለም።

ሥራው በአሜሪካዊው የጃዝ አቀናባሪ በዱክ ኤሊንግተን የአጻጻፍ ዘዴ በአንቺሆዬ ቅኝት አጭር አዲስ ሥራ አቀናብሮ ለመድረክ ማብቃት ነው። የተለመደው ቢግ ባንድ (ትልቅ የጃዝ ባንድ) አምስት ሳክስፎን፣ አራት ትራምፔት፣ ሦስትና አራት ትሮምቦን ይፈልጋል። ለዚያ የተጻፈን ወረቀት ለዘጠኝ ሰው መቁረጥ ከዚህ በፊት በብዙ ባንድ ተሞክሯል። የሚተርፈው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የሁለተኛው አልቶ ድምፅ ሲወጣ የአኮርዱ ሦስተኛ ድምፅ አብሮ ይወጣል፣ የሦስተኛው ትሮምቦን ሲወጣ ደግሞ ሰባተኛው።

ኤሊንግተን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የባንዱ ወረቀቶች ላይ «2ኛ ትራምፔት» ከሚለው ይልቅ የሰው ስም ይጻፍ ነበር፦ «ኩቲ»፣ «ሬክስ»፣ «ትሪኪ»። እ.ኤ.አ. በ1940 የነበሩት አሥራ አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፣ እሱም የጻፈው ለዚያ ድምፅ ነው። የሳክስፎን መስመር ለብቻ፣ የትሮምቦን መስመር ለብቻ የሚለውን አጥር አፍርሶ ከየመስመሩ አንድ አንድ ሰው እያወጣ አዲስ ቡድን ይሠራ ነበር። ባንዱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ የሚሠራ ዘዴ አይደለም፤ ላለው ሰው መጻፍ ለዘጠኝ ሰውም ይሆናል።

ሳምንት 1፤ አልቶው

ከሁሉ በፊት የመሣሪያ ጥገና። አልቶው ከኤፍ በታች ሲወርድ ይሰነጠቅ ነበር፤ ታችኛው ቢ ፍላት ጨርሶ አይወጣም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ትልልቆቹን የታች ፓዶች (ቀዳዳ የሚዘጉ ክዳኖች) ይለውጣል። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ከላይ ባሉት ነው። ሳክስፎን ላይ አንድ ቀዳዳ አየር ካሾለከ ከሱ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ ይበላሻል።

ምርመራ፦ ክፍሉን ማጨለም፣ በቀጭን ሽቦ የታሰረ የኤልኢዲ ገመድ በሰፊው አፍ በኩል ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ቁልፎቹን በቀስታ እየዘጉ ብርሃን የሚያሾልክበትን ቦታ መፈለግ። በኃይል ከተጫኑት የሚያሾልክ ፓድም የተዘጋ ይመስላል፤ የሚጫነው በመጫወቻ ኃይል ልክ ነው። ብርሃኑ የታየው በጂ ሻርፕ ፓድ ላይ ነው። ፓዱ ደህና ነበር፤ እሱን ዝቅ አድርጋ የምትይዘው ትንሽ ማስተካከያ ብሎን ላልታ ነበር። ሩብ ዙር ማጥበቅ የታችኛውን ክፍል ግማሹን መለሰው። ብሎኗ ከመጠን በላይ ከጠበቀች ደግሞ የኤፍ ሻርፑ ፓድ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ስለዚህ በሲጋራ ወረቀት ሁለቱንም መፈተሽ ያስፈልጋል። ጫፉ የሾለ ቁራጭ ወረቀት ከፓዱ ሥር ተደርጎ ሲሳብ በሁለቱም በኩል እኩል መያዝ አለበት።

የቀረው የፓድ ጉዳይ ነው። የሳክስፎን ፓድ ካርቶን፣ ፌልትና ስስ ቆዳ ነው። የድሬ ደረቅ ሙቀት ቆዳውን እንደ ቀንድ ያደርቀዋል፤ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር አይገጥምም። አልቶ ሃያ አምስት ገደማ ፓድ አለው፤ የተለወጡት የደረቁት ብቻ ናቸው። ፓዱን የሚይዘው ሼላክ የሚባለው ሙጫ ነው፤ እዚህ ስላልተገኘ ሆት ግሉ ተጠቅመናል። ሆት ግሉ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ፓዱን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፤ የፓዱን ቤት በላይተር ከጀርባ አሙቆ መልሶ ማለስለስ ይቻላል። ሳጥኑን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ግን ሼላኩንም ሆት ግሉንም ያለሰልሳል፣ ፓዱም ያዘነብላል።

የዛገ የመርፌ ስፕሪንግ በልብስ ስፌት መርፌ ተተክቷል፤ ዓይኑ ተቆርጦ፣ ሥሩ በመዶሻ ትንሽ ጠፍጦ በቦታው ይገባል። የአንገቱ ቡሽ አልቆ ነበር፤ የወይን ጠርሙስ ቡሽ በስሱ ተቆርጦ በማስቲሽ ተጣብቋል። ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ ተቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ እርጥብ ለእርጥብ ከተጣበቀ በሙቀት ይንሸራተታል።

ሳምንት 2፤ ትሮምቦንና ትራምፔት

የትሮምቦኑ ስላይድ (የሚሳበው ቱቦ) ይጎትታል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን አሸዋው በመስኮት ይገባል፣ ቅባት ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ በውስጠኛውና በውጨኛው ቱቦ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። የመኪና ግሪስ ቀብተውት ነበር። ግሪስ ለዚህ ጠላት ነው፤ ከአሸዋው ጋር ተለውሶ ይቀራል።

አስተጣጠቡ፦ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ሳሙና፣ በረጅም ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ፣ የጨርቁ ጫፍ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ የሸፈነ። ዘንጉ ከተራቆተ ውስጡን ይጭረዋል። ውሃው ከፈላ ቫርኒሹ ይላጣል። ከታጠበ በኋላ ስላይዱ ቆሞ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። አልወረደም፤ አንድ ቦታ ያዘ። የውጨኛው ቱቦ ጎድጉዶ ነበር።

ለጉድጓዱ ወደ ቶርኖ ቤት። ድሬ በምድር ባቡር ጥገና የኖረች ከተማ ናት፤ ብረት በልኩ የሚያወጣ እጅ አታጣም። የታዘዘው ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የብረት ዘንግ ነው፣ ከቱቦው ውስጥ በ0.1 ሚሊሜትር የቀጠነ። ዘንጉ ከውስጥ ይገባል፣ ከውጭ በለስላሳ እንጨት ዙሪያውን ይታሻል። መዶሻ አይነካውም፤ የቱቦው ግድግዳ በጣም ስስ ነው።

የትራምፔቶቹ ቫልቭ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ነበር። ይወፍራል፤ በተለይ ጠዋት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቫልቩ ዘግይቶ ይመለሳል። ትክክለኛ የቫልቭ ዘይት ከአዲስ አበባ ተልኳል። በዚህ ላይ ቁጠባ አያዋጣም።

ሳምንት 3፤ የማዳመጥ ሥራ

የተጠናው የኤሊንግተን «ሙድ ኢንዲጎ» ነው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1930 የተቀዳው። ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ፕሮግራም ፍጥነቱን ወደ ግማሽ አውርዶ ድምፅ በድምፅ መጻፍ። አንድ ጥንቃቄ፦ የድሮ ሸክላ ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ የመዞሪያ ፍጥነቱ ትክክል ላይሆን ስለሚችል ድምፁ በሁለት ቁልፍ መካከል ይወድቃል። መጀመሪያ ኪቦርዱ ጋር አስተካክሎ ከዚያ መጻፍ ነው፤ አለዚያ ሙሉው ጽሑፍ በግማሽ ቶን ይሳሳታል።

የሚፈለገው የመክፈቻዋ ሦስት ድምፅ ነው። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ክላርኔት፤ አርተር ዌትሰል፣ ጆ ናንተን፣ ባርኒ ቢጋርድ። የዘመኑ ልማድ ክላርኔትን ላይ፣ ትራምፔትን መሐል፣ ትሮምቦንን ታች ማድረግ ነበር። ኤሊንግተን ገለበጠው። ሚዩት (የመሣሪያውን አፍ የሚያፍን ነገር) ያለው ትራምፔት ዜማውን ይዟል፣ ወዲያው ከሥሩ ሚዩት ያለው ትሮምቦን በከፍተኛ ክልሉ ይጫወታል፣ ክላርኔቱ ከሁለቱ ርቆ ወደ ታች በጥልቅ ክልሉ ይወርዳል። ሥራው የተዘጋጀው ከኮተን ክለብ በሬዲዮ ለሚተላለፍ ሙዚቃ ነበር፤ ኤሊንግተንም ለማይክሮፎን ብሎ እንደጻፈው ተናግሯል።

ለምን እንደሚሠራ ሳያውቁ መቅዳት ለእኛ አይጠቅምም፤ ምክንያቱ በመሣሪያው ፊዚክስ ውስጥ ነው። ክላርኔት በአንድ በኩል የተዘጋ ቀጥ ያለ ቱቦ ስለሆነ በጥልቅ ክልሉ ጎዶሎ ሃርሞኒኮቹ (ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚሰሙ የላይ ድምፆች) ይጎላሉ። ታች አንድ ድምፅ ሲነፋ ሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለት ከአንድ ኦክታቭና ከአንድ ፊፍዝ በላይ ያለው፣ ጠርቶ ይሰማል። ሚዩት የታፈኑት ሁለቱ ብራሶች መሠረታቸው ሲሳሳ ያ የክላርኔት ሃርሞኒክ በመካከላቸው ይገባል። ሦስት ሰው ሲነፋ አራተኛ ያለ የሚመስለው ከዚህ ነው።

ኤሊንግተን ራሱ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ተቀብሎ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ያቀናበረለትን ሥራ ተጫውቷል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ። ይህ ዘዴ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም።

ሳምንት 4 እና 5፤ ሦስቱ ድምፆች በአንቺሆዬ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜውንም የበላው ይሄው ነው።

የአምስት ድምፅ ቅኝትን ለብዙ መሣሪያ ማቀናበር የቆየ ጥያቄ ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን ለአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድና ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገር ዜማ ሲያቀናብር የነበረበት ሜዳ ነው። በዜማው ሥር በሦስተኛ ርቀት ሌላ ድምፅ ከተጨመረ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይገባል፤ አንቺሆዬ የነበረው ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ፦ ሦስቱም ድምፅ ከቅኝቱ ብቻ።

ቅኝቱ ከኤፍ ተነሥቷል፦ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ፍላት፣ ዲ። ኤፍ የተመረጠው ለትሮምቦኑ ነው። በዚህ ቁልፍ የትሮምቦኑ ከፍተኛ ቢ ፍላት በመጀመሪያው ፖዚሽን ይገኛል፤ ተጫዋቹ እዚያ ቦታ ላይ ጠንካራ ነው። ለሌላ ተጫዋች ቢሆን ቁልፉ ወደ ዲ ይወርድ ነበር።

የመጀመሪያው አኮርድ (በኮንሰርት ፒች፣ ማለት በሚሰማው ድምፅ፤ ቁጥሩ ኦክታቩን ያሳያል)፦ ክላርኔት ኤፍ3፣ ትሮምቦን ቢ ፍላት4፣ ትራምፔት ዲ5። ወዲያው ሠራ። የክላርኔቱ ሦስተኛ ሃርሞኒክ ሲ5 ነው፤ ከቢ ፍላቱም ከዲውም በአንድ ሙሉ ቶን ይርቃል፣ መሐላቸው ተቀምጦ ይሰማል።

ሁለተኛው አኮርድ አልሠራም። ትራምፔቱ ወደ ሲ ፍላት5 ሲወርድ፣ ትሮምቦኑ ጂ ፍላት4 ላይ ሆኖ ክላርኔቱ ኤፍ3 ላይ ቆየ። ድምፁ ይንጫጫል፤ ሁሉም ሰው ትራምፔቱ ከቃና የወጣ መሰለው። ቲዩነሩ ግን ትራምፔቱ ልክ መሆኑን አሳየ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የክላርኔቱ ሃርሞኒክ ሲ5 ከትራምፔቱ ሲ ፍላት ጋር በግማሽ ቶን ይፋጫል። ሁለተኛ፣ በኤፍና በጂ ፍላት መካከል ያለው ርቀት ኦክታቭና ግማሽ ቶን ነው፤ ይህ ርቀት በነፋስ መሣሪያ ሁልጊዜ ሻካራ ነው።

የተሞከረው፦ ክላርኔቱን ወደ ቢ ፍላት3 ማንሣት። ሃርሞኒኩ ኤፍ5 ሆነ፣ የቅኝቱ ድምፅ ነው፣ ያ በኩል ተፈታ፤ ግን አሁን ቢ ፍላትና ሲ ፍላት ያው ሻካራ ርቀት ሆኑ። ቀጥሎ ክላርኔቱን ወደ ዲ3 ማውረድ፣ ለመሣሪያው የመጨረሻው የታች ድምፅ (በወረቀቱ ላይ ኢ)። ሃርሞኒኩ ኤ4 ነው፤ ከቅኝቱ ውጭ ቢሆንም ከትራምፔቱ በሙሉ ቶን፣ ከትሮምቦኑ በአንድ ቶን ተኩል ይርቃል። ጸዳ። የተቀመጠው ይህ ነው። ክላርኔቱ ከኤፍ ወደ ዲ ሲወርድ ደግሞ ራሱን የቻለ ዜማ ሆነለት፣ ተጫዋቹም ወደደው።

የወረቀት ችግር፦ ሙዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ሲ ፍላትን አንዳንድ ቦታ ቢ አድርጎ ጻፈው። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለቢ ፍላት መሣሪያ ሲገለበጡ ግን አንዱ ዲ ፍላት፣ ሌላው ሲ ሻርፕ ሆኖ ይወጣል፣ በአንድ ሐረግ ውስጥ ሲቀላቀሉ ተጫዋች ይደናቀፋል። ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱን ወረቀት በዓይን ማየት ግድ ነው። ግልባጩ፦ ትራምፔትና ክላርኔት አንድ ቶን ወደ ላይ፣ አልቶ ሜጀር ስድስተኛ ወደ ላይ፣ ቴነር ኦክታቭና አንድ ቶን ወደ ላይ፣ ትሮምቦን እንዳለ በቤዝ ክሌፍ።

ወረቀቶቹ ላይ የተጻፈው የተጫዋቹ ስም ነው። ይህ ለክብር ብቻ አይደለም። ስሙ ሲጻፍ አቀናባሪው ያ ሰው የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያምር፣ የትኛው ላይ እንደሚሳሳ ሳያስብ ማለፍ አይችልም።

ሳምንት 6፤ ሙቀቱ

ልምምድ የሚጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥርም ቢሆን ብረት አይያዝም። በዚያ ሰዓትም ክፍሉ 35 ዲግሪ ይደርሳል።

የነፋስ መሣሪያ ድምፁ የሚወሰነው በውስጡ ባለው አየር የድምፅ ፍጥነት ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ቃናውም ወደ ላይ ይወጣል። ከ20 ወደ 35 ዲግሪ በስሌት 43 ሴንት (ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው) ያህል ነው፣ ሩብ ቶን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። በተግባር ያንን ያህል አይሆንም፣ ምክንያቱም የተጫዋቹ ትንፋሽ የቱቦውን መጀመሪያ በየትኛውም አገር ያሞቀዋል። ቲዩነሩ ለኤ ድምፅ ያሳየው 446 ኸርዝ አካባቢ ነው። ኪቦርዱ ግን 440 ላይ ቆሟል።

ትራምፔት፦ ማስተካከያ ስላይዱ አንድ ሴንቲሜትር ሲወጣ ቱቦው በሁለት ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ርዝመቱ 1.48 ሜትር ስለሆነ 23 ሴንት ያህል ይወርዳል። በቂ ነው። ትሮምቦን በእጁ ያስተካክላል። ክላርኔት በርሜሉን ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ማውጣት የለበትም፤ በመገጣጠሚያው ክፍተት ይፈጠርና መሐል ያሉት ድምፆች ለብቻቸው ይወርዳሉ። ሳክስፎን ነው አስቸጋሪው፤ የአፍ መያዣው ሲወጣ በአጭር ቱቦ የሚወጡት ላይኞቹ ድምፆች ከታችኞቹ ይበልጥ ስለሚወርዱ ኦክታቮቹ ይዛነፋሉ።

መፍትሔው ሸክሙን መካፈል ነው። ኪቦርዱ ወደ 443 ከፍ ተደርጓል (12 ሴንት)፣ የቀረውን መሣሪያዎቹ ይሸከማሉ። ቤዝ ጊታሩም ከ443 ጋር ይቃኛል። ይህን የሚረሳ ሰው ሁልጊዜ አለና ቁጥሩ በግድግዳው ላይ ተጽፏል።

መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱም ቤዙም ዝም ይላሉ። ልምምዱ ግን ይቀጥላል፤ እንዲያውም ስድስቱ ነፋሾች ያለ ኪቦርድ አኮርዱን ራሳቸው መሸከም ከቻሉ አቀነባበሩ ትክክል ነው ማለት ነው።

ሳምንት 7፤ ሚዩት

ፕላንጀር የሚባለው የትራምፔት ሚዩት በመሠረቱ የተዘጋ መጸዳጃ ቤት መክፈቻ ጎማ ነው፤ እንጨቱ ተነቅሎ። ከትራምፔት ተጫዋቹ ባበር ማይሊ፣ ከጆ ናንተን ጀምሮ የኤሊንግተን ባንድ የታወቀው በዚህ ነው። ታይዋን ገበያ ጎማው በብዛት አለ። ለትራምፔት ትንሹ፣ ለትሮምቦን ትልቁ። አዲሱ ጎማ ይሸታል፣ ይደርቃልም፤ በሳሙና ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር ያለሰልሰዋል። ጠንካራ ፕላስቲክ አይሆንም፣ የመሣሪያውን ሰፊ አፍ ጠርዝ ይጭራል፣ ሲዘጋም አይገጥምም።

ናንተን ከጎማው በፊት በትሮምቦኑ አፍ ውስጥ ትንሽ የትራምፔት ስትሬት ሚዩት ያስገባ ነበር፤ ያንን የሰው ንግግር የመሰለ ድምፅ የሚያመጣው የሁለቱ ጥምረት ነው። ስትሬት ሚዩት በካርቶን ተሠርቷል፦ ወፍራም ካርቶን በሾጣጣ ቅርጽ ተጠቅልሎ፣ በእንጨት ማጣበቂያ ደጋግሞ ተቀብቶ፣ ሦስት የቡሽ ቁራጮች በጎኑ ላይ። ቡሾቹ እኩል ካልሆኑ ሚዩቱ ያዘነብልና አንዳንድ ድምፅ ብቻ ያንቀጠቅጣል። ቡሹ ከሳሳ አየር ማለፊያው ይጠብና መሣሪያው ይታነቃል። 3 ሚሊሜትር ላይ ረጋ።

ስትሬት ሚዩት ቃናውን ወደ ላይ ያወጣል። በሙቀቱ ላይ ሲደመር ትራምፔቱ ስላይዱን ሌላ ግማሽ ሴንቲሜትር ማውጣት አለበት፤ ሚዩቱን አውጥቶ ወደ ክፍት ድምፅ ሲመለስ ደግሞ ወደ ነበረበት። ለዚህ በወረቀቱ ላይ ሁለት ባር ዕረፍት ተጽፏል። ዕረፍቱ ከሌለ የትኛውም ጎበዝ አያደርሰውም።

ሳምንት 8፤ ባሪቶን በሌለበት

ሃሪ ካርኒ እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1974 የኤሊንግተን ባሪቶን ነበር። ኤሊንግተን ለካርኒ ሁልጊዜ የአኮርዱን መሠረት አይሰጠውም፤ ብዙ ጊዜ ሰባተኛውን ወይም ሌላ ያልተጠበቀ ድምፅ ታች ያስቀምጥለታል። የባንዱ ጥላ ከዚያ ይመጣል።

እኛ ጋ ያለው ቴነር ነው። የመጨረሻው የታች ድምፁ በኮንሰርት ኤ ፍላት2 ነው፤ ስለዚህ ቢ ፍላት2 ይደርሳል። መጀመሪያ ቴነሩና ቤዝ ጊታሩ ሁለቱም ኤፍ ላይ ሲሆኑ ጭቃ ሆነ፣ አንዱ ሌላውን ሸፈነው። ከዚያ ኤፍ ለቤዙ ብቻ ተተወ፣ ቴነሩ ሲ ፍላት3 ተሰጠው። ከኤፍ ጋር ትራይቶን (የሦስት ሙሉ ቶን ርቀት) ነው፤ የአንቺሆዬ ሕመም ያለው እዚያ ርቀት ላይ ነው፣ ከታች ሲመጣ ደግሞ ክፍሉን ይሞላዋል። ቴነሩ ጮክ ካለ ግን ያበላሸዋል፤ በወረቀቱ ላይ ሙሉውን ክፍል ፒያኖ (በቀስታ) ተብሎ ተጽፏል፣ በትንፋሽ የሞላ፣ ያለ ቪብራቶ (ድምፅ ሳይርገበገብ)።

ሳምንት 9፤ ሐረር

ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ሲደረስ ከድሬ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከፍታው በራሱ ቃናውን አይለውጥም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው። ማታ በ20 ዲግሪ አካባቢ ሁሉም መሣሪያ ወረደ፣ ኪቦርዱ 443 ላይ ስለነበር ከላይ ቀረ። ኪቦርዱ ወደ 440፣ የትራምፔት ስላይዶች ወደ ውስጥ። ሳክስፎኖቹ ግን የአፍ መያዣውን መልሰው ሲያስገቡ በድሬ የደረቀው ቡሽ ላልቶ ተገኘ፤ አየር ያሾልካል። ጊዜያዊ መፍትሔ፦ በቡሹ ላይ አንድ ዙር የውሃ ቧንቧ ቴፍሎን። ዘላቂው ቡሹን በየሳምንቱ በቅባት ማርጠብ ነው።

ሪድም (በአፍ መያዣው ላይ የሚንቀጠቀጠው ስስ ሸምበቆ) በዚያው ልክ ይለያል። ድሬ ላይ ቶሎ ደርቆ የሚጣመመው ሪድ ሐረር ላይ ከብዶ ይገኛል። ሁለት ዓይነት ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ ለሐረር በግማሽ ቁጥር የሳሳ።

ወጪ እስካሁን

ፓዶች ከነማጓጓዣው 4,200 ብር። የቶርኖ ሥራ 900። የቫልቭና የስላይድ ዘይት 1,600። ጎማዎች 540። ማስቲሽ፣ ቡሽ፣ ካርቶን፣ ቴፍሎን 480። ፎቶኮፒ 350። ሪድ ለብቻው የሚታይ ነው፣ አያልቅም።

ቀጣይ

ሁለተኛው ትራምፔት በመስከረም ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ኤሊንግተን ኩቲ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1940 ሲለቅበት በቦታው የመጣው ሬይ ናንስ ቫዮሊንም ይጫወት ነበርና ቫዮሊኑን በሥራው ውስጥ አስገብቶ ተጠቀመበት። እኛ ጋ ሊመጣ የሚችለው ማሲንቆ ነው። የማሲንቆ ድምፅ በፈረስ ጭራ ክር ስለሚወጣ የነፋስ መሣሪያ በሙቀት ሲወጣ እሱ አብሮ አይወጣም፤ ስለዚህ ከሚዩት ትራምፔቱ ጋር አንድ ድምፅ ላይ መሆን የለበትም። የሁለተኛው ትራምፔት ወረቀት ተነሥቶ ከባር 17 ጀምሮ እንደገና ይጻፋል፤ ማሲንቆው ለብቻው፣ ሥሩ ክላርኔትና ቴነር ብቻ፣ ብራሶቹ ዝም ብለው።